ምኒልክን ይዞ መሸነፍ!

ባል መጠጥ ቤት ቢያመሽ ሚስት የምታደርገውን ታውቃለች። ሌላ ሴት ይዞ ቢያድርም መላ አይጠፋም፤ ሽማግሌ ይላካል፣ የንስሐ አባት ይጠራል። ባል ከአፄ ምኒልክ ጋር ሲያመሽ ግን ለማን አቤት ይባላል?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ከሚኖሩ ባልና ሚስት አንደበት የሰማነው ነው። ስማቸውን እንተወው። እሱ ሞባይልና ኮምፒዩተር ይጠግናል። እሷ ከአትክልት ተራው ሽንኩርትና ቲማቲም ተረክባ ለሰፈር ሱቆች ታከፋፍላለች። ሦስት ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ አላቸው። ልጁ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሲተኛ አባት ላፕቶፑን ይከፍታል። እናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለገበያ ስትነሳ እሱ ገና አልተኛም።

«በር ላይ ነው የምንተላለፈው» ትላለች። «እኔ ልሠራ ስወጣ እሱ ሊተኛ ይገባል። ትዳር ሳይሆን የዘበኛ ፈረቃ ነው የያዝነው። ከእኔና ከምኒልክ አንዱን ምረጥ ብዬዋለሁ። ካልሆነ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ።»

እሱስ ምን ይላል? «በሌላ አገር ተጫውቼ ብሸነፍ ግድ የለኝም። ምኒልክን ይዤ ስሸነፍ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም!»

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያን ይዞ በከባዱ ደረጃ እንዴት ማሸነፍ ይቻላል? ትዳርንስ ሳይሸነፉ እንዴት?

ለመሆኑ ጨዋታው ምንድን ነው?

ሲቪላይዜሽን ይባላል። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት እንደሚታየው የኳስ ጨዋታ ጣት በማፍጠን የሚሸነፍበት አይደለም። ተራ በተራ ነው የሚኬደው፤ እንደ ዳማ፣ እንደ ገበጣ። እናንተ ትንቀሳቀሳላችሁ፣ «ጨርሻለሁ» ትላላችሁ፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ተራውን ይወስዳል። አንድ አገርና አንድ መሪ ትመርጣላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ላይ በአንዲት ሰፋሪ ቡድን ትጀምሩና ከተማ እየቆረቆራችሁ፣ እያረሳችሁ፣ እየነገዳችሁ፣ ስትጣሉና ስትታረቁ እስከ ዘመናችን ትደርሳላችሁ። በመደበኛው ፍጥነት 500 ተራ ድረስ ይሄዳል። አንድ ጨዋታ ብዙ ሌሊት ይበላል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሲቪላይዜሽን እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ። ሠሪው ሲድ ሜየር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ኢትዮጵያ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2007፣ በአራተኛው ጨዋታ ተቀጽላ ላይ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ መሪነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በአምስተኛው ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ መጡ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ደግሞ በስድስተኛው ላይ አፄ ምኒልክ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው በሰባተኛው ውስጥ አክሱም አለች። የእኛ ሰው የልብ ወዳጅ ግን የስድስተኛው ምኒልክ ናቸው። ሲናገሩም በአማርኛ ነው። ላፕቶፕ ውስጥ በቋንቋችን የሚያናግር ንጉሥ ሲገኝ ልብ መሸፈቱ ምን ይገርማል?

ነገሩ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። በእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ወገን እንደ ፍጥነቱ ያንቀሳቅሳል። ከተበላላ በኋላ ነው ተራ የሚያዘው። ይህችን ወረራ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

«አምላክ» የተባለው ደረጃ

ጨዋታው ስምንት የክብደት ደረጃዎች አሉት። የመጨረሻው «ዴይቲ» ይባላል፤ አምላክ ማለት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ ኮምፒዩተሩ ብልህ የሚሆን ይመስለዋል። አይደለም! ብልህ ሳይሆን ሀብታም ነው የሚሆነው። እናንተ በ1 ሰፋሪና በ1 ተዋጊ ስትጀምሩ እያንዳንዱ ተቃዋሚ በ3 ሰፋሪ፣ በ5 ተዋጊና በ2 ገንቢ ይጀምራል። በምርትና በወርቅ ላይ 80 በመቶ፣ በሳይንስ፣ በባህልና በእምነት ላይ 32 በመቶ ምራቂ ይታከልለታል። ወታደሩም በውጊያ ላይ 4 ነጥብ ይጨመርለታል።

ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ተራ ጀምሮ ወደ ኋላ ቀርታችኋል። እናንተ አንዲት ጎጆ ሠርታችሁ ጭስ ስታወጡ ጎረቤታችሁ ሦስት ከተማ አለው። ታዲያ ኢትዮጵያን የሚወድ ሰው ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ዓድዋ ትዝ ይለዋል። ደሙ ይፈላል። «ያኔም በመሣሪያ ይበልጡን ነበር» ይልና ጦር ሰብቆ ይዘምታል። ያ በአርባኛው ተራ ዋና ከተማው ተከብባ ምኒልክን ሲያስማርክ ነው የሚነጋው።

የእኛ ሰው አሥር ጊዜ የተሸነፈው በዚሁ መንገድ ነው። ሲሸነፍ ደግሞ አይተኛም፤ «አሁን ገባኝ» ይልና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንደገና ከ4000 ዓመት በፊት ይጀምራል። ጠዋት የደንበኛ ስልክ እጁ ላይ ሆኖ ያንቀላፋል። «ነገ ውሰድ» ያለው ስልክ ሳምንት ይቆያል። ደንበኛ ይሸሻል። የቤት ኪራይ ግን አይሸሽም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል የሚባለው?

ሽንኩርት ነጋዴዋ የተናገረችው

መላ የመጣው ካልታሰበበት ነው። አንድ እሑድ ሚስትየው «እስቲ የሚያሳብድህን ነገር ልየው» ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ እያሳየ አስረዳ። ያ ጎረቤት ይህን ያህል ወርቅ አለው፣ እኔ ይህን ያህል ብቻ አለኝ፣ ሊወጋኝ ነው፣ እኔም ልወጋው ነው። እሷ አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ይህን ሁሉ ገንዘብ የያዘ ሰው ደንበኛ ነው እንጂ እንዴት ጠላት ይሆናል? ለምን አትሸጥለትም?»

ሰውየው ክው አለ። እውነቷን ነው። በዴይቲ ደረጃ ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው የወርቅ ምራቂ ለጦረኛ ሥጋት ነው፤ ለነጋዴ ግን ገበያ ነው። በአትክልት ተራ የሚያድር ሰው ይህን ከማንም አስቀድሞ ያውቃል። ጓዙ በ2013 ዓ.ም. ከጃንሜዳ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ጀምሮ ሌሊቱን የጭነት መኪና የሚራገፍበት ገበያ ነው። እዚያ ትንሽ ካፒታል ያላት ሴት ከትልቅ ነጋዴ ጋር አትጋፋም። እሱ የጎደለውን አይታ ታቀርባለች፣ ከትርፏ ትቆጥባለች፣ ቀኗን ትጠብቃለች።

ከዚያ በኋላ የእኛ ሰው አጨዋወቱን ለወጠ። እሱ የነገረንንና ሌሎች ልምድ ያላቸው የሚያደርጉትን አጠናቅረን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

አንደኛ፣ ኮረብታ ላይ ስፈሩ። ምኒልክን ይዛችሁ ኮረብታ ላይ የቆረቆራችሁት ከተማ ከሚያመነጨው እምነት 15 በመቶ የሚያህል ሳይንስና ባህል በተጨማሪ ያገኛል። ሜዳ ላይ ይህ የለም። ችሎታው «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» የሚባለው እውነተኛው ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ስለሾሙ ነው። ኮረብታውም ከታሪክ የተወሰደ ነው፤ ንጉሡ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ከተማቸው እንጦጦ ላይ ነበር። ለአንዲት ለምለም ሜዳ ብላችሁ ኮረብታን አትለፉ።

ሁለተኛ፣ ጠላትን ከላይ ሆናችሁ ጠብቁት። ሒሳቡን ልብ በሉ። የዴይቲ ወታደር 4 ነጥብ ምራቂ አለው ብለናል። የምኒልክ ወታደር ደግሞ ኮረብታ ላይ ሲቆም 4 ነጥብ ይጨመርለታል። ተጣጣ! በዚያ ላይ ኮረብታ ለሚከላከል ለማንም 3 ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ከሀብታሙ ጠላት ይበልጣል። ሜዳ ወርዶ ሲያሳድድ ግን 4 ነጥብ ያንሳል። ለሽንፈቱ ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ቁልቁለት ነበር።

ሦስተኛ፣ ወረራውን ቻሉት። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት የሰንጠረዡ ወረራ እዚህ ይመጣል። ጨዋታው እንደተጀመረ ሁሉም ይራወጣል፣ ጎረቤትም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰሞን ይመጣል። ሁለት ሦስት ወንጭፈኛ አዘጋጁ። በወንጭፈኛ አንድ ጠላት ከገደላችሁ የቀስት ዕውቀት ይፈጥንላችኋል፤ ወንጭፈኞቹን ወደ ቀስተኛ አሳድጓቸው። ከዚያ ግንብ ሥሩ። የመጀመሪያውን ማዕበል የቻለ ሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻውን ያያል።

አራተኛ፣ ሀብታሙን ደንበኛ አድርጉት። አዲስ መሪ ጋር በተገናኛችሁበት ተራ 25 ወርቅ አውጥታችሁ መልእክተኛ ላኩለት። የተረፋችሁን ቅመምም ሆነ ዕንቁ ሽጡለት። ሲለሳለስ የወዳጅነት ውል ጠይቁት፤ ውሉ ለ30 ተራ ያህል ጦርነት እንዳያውጅባችሁ ያስረዋል። በእሱ ወርቅ ቀስተኛ ግዙ። ነውር የለውም!

አምስተኛ፣ እምነት አከማቹ። ኢትዮጵያ በከተማዋ ካለማችው ከእያንዳንዱ የተፈጥሮ ሀብት እምነት ታገኛለች፤ ወደ ውጭ ከምትልከው የንግድ መስመርም እንዲሁ። ድራማና ግጥም የሚባለው ዕውቀት ላይ ስትደርሱ ከአለት የሚፈለፈል ቤተ ክርስቲያን መሥራት ይፈቀድላችኋል። በዙሪያው ካለው ከእያንዳንዱ ተራራና ኮረብታ 1 እምነት ይጨምራል። ሁለቱን አጎራብቶ መሥራት ግን አይቻልም፤ ቦታውን አስቀድማችሁ አስቡበት። የራስ ሃይማኖት ለመመሥረት መሯሯጥም ግድ አይደለም፤ በዚህ ደረጃ ተቃዋሚዎች ይቀድሟችኋል፣ ቁጥሩም የተወሰነ ነው። ከዚህ ይልቅ «ወርቃማ ዘመን» ስትገቡ ሰፋሪና ገንቢ በእምነት እንድትገዙ የሚያስችለውን ምርጫ ያዙ፤ 30 በመቶ ቅናሽም አለው። ኋላ የቀራችሁት በከተማ ቁጥር ስለሆነ ቶሎ የምትደርሱባቸው በዚህ ነው።

ስድስተኛ፣ በባህል ጨርሱት። ዓለምን ሁሉ በጦር መግዛት በዴይቲ ደረጃ ለኢትዮጵያ የሚመረጥ መንገድ አይደለም። እንግዳ በመሳብ ማሸነፍ ግን ይቻላል፤ ወደ እናንተ የሚመጣው ጎብኚ ከሌላው ከማንኛውም አገር የአገር ውስጥ ጎብኚ ሲበልጥ ጨዋታው ያበቃል። እነዚያ የአለት ቤተ ክርስቲያናት በኋለኛው ዘመን ቱሪስት ይስባሉ። ይህም ከእውነቱ የራቀ አይደለም፤ አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩ፣ ዛሬም ከሩቅ አገር ሰው የሚጠሩ ናቸው። ድንበር መክፈትና የንግድ መስመር መዘርጋትም የጎብኚውን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። ጥንታዊ ቅርስ ቆፋሪዎችን በእምነት መግዛት የምትችለውም ኢትዮጵያ ናት።

ታዲያ የኦሮሞ ፈረሰኛውስ? ጀግና ነው። ኮረብታ ላይ ሲጋልብ ፍጥነቱ አይቀንስም፤ አርቆም ያያል። መጥቶ የመታችሁን ለማባረር ተጠቀሙበት። ለፉከራ ግን አታውጡት።

ምኒልክ ራሳቸው ቸኩለው ነበር እንዴ?

ብዙ ወጣት ዓድዋን የሚያውቀው እንደ አንድ ቀን ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ከዚያ ቀን በፊት ያለውን ግን ማን ይቆጥራል?

የውጫሌ ውል የተፈረመው በ1881 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 17 በጣሊያንኛው ሌላ፣ በአማርኛው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ንጉሡ በማግስቱ ዘመቱ? አልዘመቱም። አገሩ በክፉ ቀን ተመትቶ ነበር፤ ከብቱ አልቋል፣ ሰው በረሃብ ይረግፋል። ተጻጻፉ፣ ተከራከሩ፣ ውሉንም ያፈረሱት በ1885 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ መሀል በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በቡና ንግድ ጠመንጃ ይገዙ ነበር። ከማን? ከፈረንሳይም ከሌላውም። ጣሊያን ራሷ እንኳ ገና ከውጫሌ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1887 በተደረገ ስምምነት 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ልትሰጣቸው ቃል ገብታ ነበር። ሽንኩርት ነጋዴዋ «ሀብታሙ ደንበኛ ነው» ስትል ምኒልክን አንብባ አይደለም፤ ግን አንድ ቋንቋ ነው የተናገሩት።

መቀሌ ላይስ? በ1888 ዓ.ም. ጥር ወር የጣሊያን ጦር ምሽግ ውስጥ ነበር። ምሽግን በደረት መግፋት ብዙ ሰው ያስፈጃል። እቴጌ ጣይቱ የውሃ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ። ውሃው ተያዘ፣ ምሽጉም በጥም ተለቀቀ። የሴት ምክር ሰምቶ ያሸነፈ ንጉሥ ይዞ እየተጫወተ የራሱን ሚስት ምክር የማይሰማ ሰው ምን ይባላል?

ከውጫሌ እስከ ዓድዋ ሰባት ዓመት ግድም ነው። ምኒልክን መውደድ ማለት ይህን ሰባት ዓመት መውደድ ነው። አንዷን ቀን ብቻ የወደደ ግን ከአያያዝ ይቀደዳል እንደተባለው ይሆንበታል።

አሁን ወደ ቤታችሁ

የእኛ ሰው በመጨረሻ በባህል አሸነፈ። ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። ሚስቱ ግን «እንኳን ደስ ያለህ፤ የኪራዩስ?» ነበር ያለችው። ልክ ናት። ጨዋታውን ማሸነፍና ቤትን ማሸነፍ ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ይህ ጸሐፊ ለእንዲህ ዓይነት ባሎች፣ ለልጆቻቸውም እናቶች የሚከተለውን ይላል።

ለባል፦ የዚህ ጨዋታ ትልቁ በሽታ «አንድ ተራ ብቻ» የምትለው ቃል ናት። ከተማው ሊያልቅ ሁለት ተራ፣ መርከቡ ሊደርስ ሦስት ተራ እያለች ታነጋለች። ፈውሷ ጨዋታው ውስጥ ነው ያለው። ተራ በተራ የሚኬድ ጨዋታ ጠላት የሚጠብቅበት ጨዋታ ነው! እናንተ ካልነካችሁት ማንም አይንቀሳቀስም። አስቀምጣችሁት ብትዘጉት፣ መብራት ቢጠፋ፣ ወር ሙሉ ባትከፍቱት ምኒልክ ኮረብታቸው ላይ እንደቆሙ ናቸው። ጠላትም አንዲት ስንዝር አይራመድም። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ተራችሁን አይጠብቅም፤ ተኝታችሁ ስትነሱ አንድ አዲስ ቃል ለምዶ ታገኙታላችሁ። ሚስትም አትጠብቅም። የቤት አከራይ ደግሞ ጭራሽ!

እናም ከመቀመጣችሁ በፊት ሰዓት ሳይሆን ተራ ቁረጡ። «ዛሬ 30 ተራ» በሉ። ሠላሳኛው ላይ ውጊያ መሀል ብትሆኑም አስቀምጣችሁ ዝጉ። በተሸነፋችሁበት ሌሊት አዲስ አትጀምሩ፤ የተናደደ ሰው ሜዳ ላይ ነው የሚሰፍረው።

ለሚስት፦ «ከእኔና ከምኒልክ ምረጥ» ማለት የንዴት ቃል ነው፤ ይገባናል። ነገር ግን ሰውየው ሌሊቱን የሚያሳልፈው ቤቱ ውስጥ፣ የገዛ አገሩን ታሪክ ይዞ ነው። ላፕቶፑን መደበቅ ኩርፊያ እንጂ መፍትሔ አያመጣም። ለጨዋታውም ለቤቱም ቁርጥ ያለ ቀን ይኑር። አጠገቡ ተቀምጠሽ አንዴ እይው። የማያውቁትን ነገር መጥላት ቀላል ነው፤ ካወቁት በኋላ መደራደር ይቻላል።

እነዚህ ባልና ሚስት የተስማሙት እንዲህ ነው። አርብና ቅዳሜ ማታ የእሱ ነው፣ እስከ 6 ሰዓት። በሌላው ቀን እሷ ለገበያ ስትነሳ እሱም አብሮ ተነስቶ ዕቃውን ያሸክማታል። ሁለት ጊዜ አፍርሷል፤ ሁለት ጊዜም ተጨቃጭቀዋል። እናቷ ቤት ግን እስካሁን አልገባችም። «ሻንጣዬን አልፈታሁም፤ ሳየው ይሻለዋል» ብላናለች እየሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። መልካም ምልክት ነው፤ ማን ተራ ላይ እንዳለ ገብቶታል ማለት ነው።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ምኒልክን የያዛችሁ ሁሉ ኮረብታችሁን አትልቀቁ። ትልቁ ኮረብታ ደግሞ ቤታችሁ ነው።

ቸር ያሰንብተን!